ከዘንጉ አልላቀቅ ያለው መሪህ

ደስዬ፣ የልጄ አባት፣

እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር የት እንዳለህ አላውቅም። በመስቀል ማግስት በሰው መኪና ተሳፍረህ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ከደጃችን ወጣህ፤ ኅዳር ላይ መሞትህ በስልክ ተነገረኝ፤ አሁን ግንቦት ነው። ይህ ሁሉ ወር ሲያልፍ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ አልደፈርኩም። ዛሬም የጻፍኩት ደፍሬ አይደለም፤ ከሰው ጋር ማውራት ስላቃተኝ ነው። ሰው ሁሉ በርቺ ይለኛል፤ በርቺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ብርቱካን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ልትወስድ ነው። ታጠናለች ይላሉ፤ እኔ የማየው መጽሐፉን ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ስትቀር ነው። የገብሱን መሬት ለእኩል ሰጠሁት። ላሚቱ ወልዳ ጥጃዋ ሞተባትና ወተቷን ከለከለች፤ ኋላ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተን ፊቷ ስናቆምላት እሱን እየላሰች ትታለብ ጀመር። ኮትህን ታናሽ ወንድምህ አያሌው ወስዷል፤ እኔው ነኝ የሰጠሁት። ከኋላው ሳየው ግን አንተ እየመሰለኝ ስለምደነግጥ፣ ለብሶት በኛ በር እንዳያልፍ ለምኜዋለሁ።

የተነሳሁት ግን የላንድሮቨሯን ነገር ልነግርህ ነው። ጣውንቴ እያልኩ እጠራት እንደነበር ታስታውሳለህ። በዕድሜ ካንተም ከኔም የምትበልጥ አሮጊት፤ አንተ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የምትይዛት። ተሳፋሪ ወገዳ አድርሰህ ስትመለስ እግርህን ሳትታጠብ እሷን ታጥባለህ። ቅር ይለኝ ነበር። ቢሆንም መሪዋ እጅህን እንዳይልጥህ የፍየል ቆዳ አልፍቼ ዙሪያውን የሰፋሁት እኔው ነኝ። ስትነዳ በግራህ ብቻ ይዘህ በቀኝህ የሽምብራ ቆሎ ትቆረጥም ስለነበር፣ ቆዳው በግራ በኩል ቀድሞ ሳሳ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ቆሎው ይቀርና ሁለቱም እጆችህ መሪው ላይ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። እኔም ካጠገብህ ተቀምጬ፣ መንገዱን ትቼ እጅህን ነበር የማየው።

በሽታው ከጠናብህ ወዲህ መኪናዋ ግቢው ጥግ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመች። ጣሪያዋ መቀደዱን ታውቀው የለ? ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሪው መሐል ላይ ሲንጠባጠብ ማንም ልብ አላለም። እኛ የምናየው አንተን ነበር።

ከዚያ ኅዳር ላይ ስልኩ መጣ። አዲስ አበባ ያስታመመህ የአገራችን ልጅ ነው የደወለው። መንገዱ ተዘግቶ ሬሳህን መላክ እንዳልቻለ፣ እዚያው አፈር እንዳለበሰህ ነገረኝ። እኔም እሺ አልኩት። ደስዬ፣ እሺ ነው ያልኩት! ባሏ መሞቱን የተረዳች ሴት እሺ ትላለች? ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ምስር መልቀሜን ቀጠልኩ። ታላቅ እህትህ እታለም መጥታ ነገሩን ከአፌ ስትሰማ ጮኸች፤ ጎረቤት የተሰበሰበው በሷ ጩኸት ነው እንጂ በኔ አይደለም።

እንባ አልመጣልኝም። ሳልገንዝህ፣ ፊትህን ሳላይ፣ ሲቀብሩህ ሳልቆም እንዴት ላልቅስ? የሰማሁት በስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ ስንት ውሸት ይነገራል። በልቤ አንተ ወገዳ ነበርክ። ጎማ ፈንድቶብህ ነው፣ ወንዝ ሞልቶብህ ነው፣ ነገ ትመጣለህ። በኛ ኮረብታ ሥር መኪና ባጓራ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ሴቶቹ ጥሩዬ ልቧ ደንድኗል ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እኔም የፈራሁት ይኸንኑ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላለቅስልህ እንዳልቀር።

ለቅሶህ ለእሑድ ተቆረጠ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሰው ሲሞት እቃው ይወጣል። ፈረስ የነበረው ፈረሱ በኮርቻው ይሳባል፤ ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው ይያዛል፤ ደብተራ ከሆነ መቋሚያው። አስለቃሿ እሱን እያየች ነው የምትገጥመው። ሬሳው በሌለበት ለቅሶ ደግሞ ያለ እቃ ምን ይባላል? አንተ ፈረስ የለህ፣ ጠመንጃ የለህ። ያለህ አንድ ፎቶ የመንጃ ፈቃድህ ላይ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ቀርቷል። እታለም ከቤቱ መሐል ቆማ፣ ወንድሜ ከእስቴ እስከ ስማዳ የታወቀው በመሪው ነው፤ መሪው ይውጣለት፤ እኔ ባዶ ሜዳ ላይ አላለቅስም አለች። ይህን ስትል በልቤ፣ ያንን መሪ ብይዘው አለቅሳለሁ አልኩ። የዓለም ሌላው ነገር ሁሉ ቀርቶብኝ የተመኘሁት እሱን ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አያሌውና መካኒኩ ሙላት መጡ። ሙላት መሐል ላይ ያለውን የክላክስ ክዳን በካቻቢቴ አነሳው። ሥሩ ያለው ዳዶ በዝገት ቀልቶ ነበር፤ መፍቻው ላይ ቧንቧ ጨምረው ሁለት ሆነው ሲጫኑት እየጮኸ ተፈታ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መሪው ግን ንቅንቅ አላለም። ዝገቱ ከዘንጉ ጋር አጣብቆታል። ሙላት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ከሥር ደግኖ ሳበው። አያሌው ሳበው። ሁለቱ አብረው ሳቡት። መኪናዋ ባለችበት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች እንጂ መሪው አልተነሳም። ሙላት ናፍጣ አፍስሶበት ይደር አለ፤ አደረ። ቅዳሜም ያው ነው።

መንቀያው መሣሪያ ደብረ ታቦር አለ፤ መንገዱ ግን አልተከፈተም። ሙላት ምሳ ሊበላ ሲሄድ አያሌው መዶሻ አነሳ። ሙላት እንዳትመታው፣ ጥርሱ ይበላሻል ብሎት ነበር፤ ግን እታለም በየደቂቃው እየመጣች ወጣ ወይ፣ ወጣ ወይ ትላለች፤ ለቅሶው ነገ ነው። ወንድምህን ታውቀዋለህ። የዘንጉን አናት በላይ በላዩ ወቀጠው፤ ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ተጨፈላለቀ። ሙላት ተመልሶ ሲያይ ራሱን ያዘ፤ በቃ፣ ይቺ መኪና ከእንግዲህ መሪ አይታሰርላትም አለ። አያሌው ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ባጠገቡ ቆሜ በእንባው ቀናሁ። ልትስቅ ትችላለህ፤ ቀናሁበት።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ሜዳ ሞላው። ከጋይንት ሳይቀር በእግሩ የመጣ ነበር። ንስሐ አባታችን ፍትሐቱን አድርሰው ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ሜዳው መሐል ግን ምንም የለም። ያን ጊዜ እታለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ መሪው እምቢ ካለ መኪናዋ ራሷ ትምጣ፤ የፈረሰኛ ፈረስ ይመጣ የለ አለች። ወንዶቹ ተነስተው ወደ ግቢያችን ወረዱ።

ሁለቱ ጎማ አየር የለውም፤ የቀሩትም ሞተዋል። ለመግፋት ወንድ የተባለ ሁሉ ያስፈልግ ነበር። መሪውን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሙላት መሪው ያለ ዳዶም ቢሆን እንደ በቀለ ነው የቆመው፣ አይለቅም አለኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ወጣሁና ተቀመጥኩ። ወንበሩ ባንተ መጠን ጎድጉዷል፤ እኔ ሰመጥኩበት። ስትወጣና ስትገባ በመስታወቱ ይቺን ግቢ እንዴት ታያት እንደነበር አየሁ። ቤታችን ካንተ ወንበር ሲታይ ትንሽ ነው፤ በሩ ግን ትክክል ፊት ለፊት ነው። ለምን እዚያ ጋ ታቆማት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ገፉ። በጠፍጣፋ ጎማ መሪ ማዞር ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ያን ቀን አወቅሁት። ትከሻዬ ሊነቀል ደረሰ። ሜዳው መግቢያ ላይ ያለውን የድንጋይ ካብ ለማለፍ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነበረብኝ። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ፣ ሁለት እጄን አንተ የምትይዝበት አድርጌ ጠመዘዝኩት። ያኔ ቀጭ አለ። መሪው ከቦታው ተነስቶ እጄ ላይ ቀረና ጭኔ ላይ ወደቀ።

ወንዶቹ ከኋላ ስለሆኑ አላዩም፤ መግፋታቸውን ቀጠሉ። መኪናዋ ወደ ፈቀደችው ሄዳ ካቡን ነክታ ቆመች። ሰው አልተጎዳም። አሁን በአገሩ ሁሉ መሪው ለሚስቱ ብቻ ተለቀቀላት፣ ተአምር ነው እያሉ ያወራሉ። ተአምር አይደለም። ሙላት እንደነገረኝ ናፍጣው ሲሰርግ ሰንብቶ መንገዱ ላይ ያለው ንውጥውጥታ ጨረሰው። እኔ ተአምር ቢኖር ኖሮ ምን እንደምለምን አውቃለሁ።

መሪው የተኛ ልጅ ያህል ከበደኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው በቆዳው ላይ የኔ ስፌትና ያንተ መዳፍ የሳሳው ቦታ ጎን ለጎን ናቸው። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ባዶ ዘንግ ቆሟል። ደስዬ፣ የሞትከው ያን ጊዜ ነው። ስልኩ ሲደወል አልሞትክም፤ እታለም ስትጮኽም አልሞትክም። መሪው በቦታው እስካለ ድረስ መጥተህ የምትይዘው ይመስለኝ ነበር ለካ። እኔ በገዛ እጄ ነቀልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ከመኪናው ያወረደችኝ እታለም ናት ይላሉ። መሪውን ሊቀበሉኝ ሲሉ አልለቅም ብዬ፣ እሱን ታቅፌ ሜዳውን ዞርኩት አሉኝ። ድምፄ እስኪጠፋ ነው ያለቀስኩት፤ ንስሐ አባታችን በቃሽ ልጄ፣ ይበቃሻል ብለው እጄን እስኪይዙኝ። የተመኘሁትን አገኘሁ። ሰው ያለቀሰ ይቀልለዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን አልቀለለኝም። ከለቅሶው በፊት ባል የሚጠብቅ ቤት ነበረኝ፤ ከለቅሶው ስመለስ ምንም የማይጠብቅ ቤት ነው የገባሁት።

መኪናዋ ዛሬም ካቡ ሥር ናት፤ ከፀሐይ የሚሸሹ በጎች ይጠለሉባታል። መንገዱ ከተከፈተ ብርቱካንን ይዤ መቃብርህን እፈልጋለሁ፤ የቀበረህ ሰው እንደሚያሳየኝ ቃል ገብቶልኛል። ኅዳር ሲመጣ ሙት ዓመትህን አወጣለሁ። ስምህ በጸሎት ይነሳል፤ ይህን ችላ አልልም።

መኪና ሲያጓራ አሁን ቀና አልልም፤ ጆሮዬም አይቆምም። ይህን ብርቱካን እንኳ አስተውላ፣ እማ ተሻለሽ መሰል አለችኝ። ትረሳኛለች ብለህ በምንም አትስጋ። መሪው እጄ ላይ እስከቀረበት ቀን ድረስ መጠበቅም ማስታወስም ነበረኝ፤ ዛሬ የቀረኝ ማስታወስ ብቻ ነው።

ያንተው ጥሩዬ