የሚሰምጠው ፍሬን

ለተከበሩ እትዬ ሠርክአዲስ፦

ከፍኖተ ሰላም እጅ እየነሳሁ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

የወንድምዎ የያረጋል ሚኒባስ ፍሬኑ ልል ሆኖ፣ ሲረግጠው ይሰምጥበት ነበር። ቡሬ ላይ መካኒኩ ባምላኩ የፍሬን ዘይቱን ቀይሮ በመስመሩ የገባውን አየር አስወጣለት። እኔም ለገበያ ወርጄ አብሬው ነበርሁ። ባምላኩ ራሱ ረግጦ፣ "አሁን ድንጋይ ነው" አለው። ያረጋል ግን ረገጠና፣ "አሁንም ይሰምጣል" አለ። ለሌላ መካኒክ ቢያሳይም ቃላቸው አንድ ሆነ።

የሥራ ጓደኛው ምስክር ክረምት ላይ ከነመኪናው ገደል ገብቶ የቀረበት የዓባይ ቁልቁለት ሲደርስ፣ ተሳፋሪውን አውርዶ በእግር እያስኬደ ባዶውን መኪና ብቻውን ይነዳዋል አሉ። ልጃችን አስካለ አብሬህ ልሂድ ብትለው በሩን ዘጋባት። ማዕድ ላይ ተቀምጦም ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። "ምነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "የምስክርንም ፍሬን ደህና ነው ብለውት ነበር" አለኝ።

እርስዎን ይሰማልና፣ ለጥምቀት ካሰቡት ቀደም ብለው ቢመጡልን ደስ ይለናል። እኔ መጻፌን አይንገሩት።

እመብርሃን በደህና ታገናኘን። ሲመጡ ግን፣ እትዬ፣ በሌላ ሰው መኪና ይምጡ።

አክባሪዎ
ትሕትና