ድንቹን ማን አገላበጠው

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ሦስት ድንች፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ ቀይ ሥር። ቆርጬ ጨረስኩ። አሁንም ወፍራም ነው። እህቴ ትርንጎ ስትቆርጠው በስሱ ድንች ውስጥ ጣቷ ይታይ ነበር። የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ፣ ሰፌድ ላይ መዘርጋት፣ በነጠላ ሸፍኖ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ማውጣት። ሲደርቅ ያለ ዘይት ማመስ። ጨው የለም። ሎሚና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። ጤ/ጣቢያ ለእማ ደም ግፊት ጨውና ዘይት ሲከለክል፣ እማ የመናኸሪያውን ቺፕስ አልተውም አለች። ትርንጎ ይህንን ከስልክ አይታ ሠራችላት።

ትርንጎ በወባ ከሞተች ዛሬ ሃያ ሦስት ቀን። አባቴ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሄዶ ሩዝ አጨዳ ላይ ነው። እማ ከመደቡ አልወረደችም። እህል ቢቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እንዲህ ከቀጠለች እሷንም እናጣታለን።

የምቆርጠው እማ ሳትነቃ ነው። ብታየኝ ታለቅሳለች። ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ደብተሬ።

7 ሰዓት

ከት/ቤት ተመለስኩ። ቁርጦቹ ሁሉ ተገልብጠዋል። አንድ በአንድ። ነጠላውን ተመልሰው ለብሰዋል። ትርንጎ እኩለ ቀን ላይ እንዲህ ታደርግ ነበር። እማ መደቡ ላይ ናት፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ። ነፋስ ነው? ነፋስ መልሶ አይሸፍንም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬም ተገልብጧል። አትሳቅብኝ። ዶሮ ቤቱ አጠገብ ቆሜ ስሟን ጠራሁ፣ በቀስታ። ዶሮዎቹ ዝም አሉ። ፈራሁ። ደስም አለኝ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

እንደ እሷ ስስ አድርጌ ቆረጥኩ። እንድታይልኝ። አውራ ጣቴን ቢላዋ ነካው። ተገልብጧል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ 6 ሰዓት

መምህር ቀሩ፣ ቶሎ ተለቀቅን። በጓሮ ገባሁ።

እማ! ቆማለች። ጋቢ ለብሳ፣ በሁለት ጣቷ ድንቹን እያገላበጠች ታወራለች።

"ትናንት ነው እጅሽ የተፍታታው፣ ትርንጎዬ። የማክሰኞው ድንችማ ቀንበር ያህል ነበር!" ብላ ሳቀች። አንዱን አንስታ በላች፣ ሳይታመስ። "ጨው ጣል ብታደርጊበት ምን ነበረበት፣ አንቺ ጨካኝ።"

ግድግዳው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። እኔ ትርንጎ ታገላብጣለች ስል፣ እማ ለካ ትርንጎ ትቆርጣለች ትላለች።

10 ሰዓት

ጎረቤት ላለችው ለአክስቴ ለያልጋ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ተቆጣችኝ። "ዝም በል አንተ ልጅ! እህል በአፏ ገባ አይደል? ሰይጣንም ይቁረጠው።" ወዲያው አማተበች።

እውነቷን ነው። ብነግራት ተመልሳ ብትተኛስ?

1 ሰዓት፣ ማምሻውን

እማ ራት ላይ ተቀመጠች። ሦስት ጉርሻ በላች። በሩን ልዘጋ ስነሳ ክንዴን ያዘች። "አትቀርቅረው ልጄ። እህትህ በጠዋት ትገባለች። ብርድ ላይ አታቁማት።"

ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር። ጤነኛ ሰው የሚያይበት ዓይን።

ወሰንኩ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ት/ቤት የለም። ድንቹንም ቢላዋውንም መደቡ ሥር አምጥቼ፣ እያየችኝ እቆርጣለሁ። ወደ ግድግዳው ብትዞርም እቆርጣለሁ። አክስቴ ትቆጣ። የቀረላት ልጅ እኔ መሆኔን…

መቀርቀሪያውን ሁለቴ ያዝኩት። እጄ እምቢ አለ። በሩ አልተቀረቀረም።