ብሎክህ ስንት ነው?

ይድረስ ለበኩር ልጄ። ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን። እህትህ ቤት ቀይራለች፤ ብሎክ ዘጠኝ፣ አራተኛ ፎቅ ገብታለች። ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው።

ወደ አንተ ስደውል አልጠራ ስላለኝ ስልኬን ለስልክ ሠሪው ወሰድኩት። ነካክቶ ነካክቶ፣ «ማዘር፣ ስልክዎ ምንም አልሆነም፤ ብሎክ ነው» አለኝና አንገቱን ደፋ። የድካሙንም አልቀበልም አለ።

ለአባትህ ስነግረው፣ መቼም ዕድሜውን መኪና ሥር የፈጀ መካኒክ ነው፣ ሞተር መሰለው። «ብሎክ ከተሰነጠቀ ብየዳም አይዘው» ብሎ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ለሞተር እንዲህ ሲያዝን አይቼው አላውቅም።

እህትህን ትርጉሙን ብጠይቃት፣ «የእንግሊዝኛ ነገር፣ አንዱ ቃል መቶ ትርጉም አለው፤ ተይው እማ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ትናንት በጎረቤቴ ስልክ ብሞክር ወዲያው ጠራ። «ሄሎ» አልክ። ድምፅህ ደህና ነው፣ ተመስገን። የሰው ሂሳብ እንዳልፈጅ ብዬ ዘጋሁት።

እኔ ከመቶው ትርጉም የማውቀው አንዱን፣ የቤቱን ብቻ ነው፤ እሱው ይበቃኛል። እና የኔ ልጅ፣ ያንተ ብሎክ ስንት ነው? ስንተኛው ፎቅ ላይ ነህ? ቢበዛም ግድ የለም፤ አባትህ እያረፈ ይወጣል፣ እኔም ከኋላው አለሁ።

ሰላም ያቆይህ፣ ክፉ አይንካህ። በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» ካልክ፣

እናትህ ነኝ።