ከኮከቡ አልፈው የተናገሩባት ቀን

ውድ አባባ፣

ካረፉ ዓመት ከሁለት ወር ሆነዎት። ሙት ዓመትዎን ያወጣነው መሬት እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጩ ነበር። የጓዳችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እማዬ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። እኔም ማስተማሬን አልተውኩም፤ ክፍሉ ስለሚያስፈራ ተማሪዎቼን ዛፍ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ።

የምጽፍልዎ ግን ለዚህ አይደለም። ያደረግሁት ነገር አለ፤ ከእኔው አፍ ይስሙት ብዬ ነው።

መንቀጥቀጡ ሲደጋገም የጭሮ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «መሪጌታ ቢኖሩ ኮከቡን አይተው ይነግሩን ነበር» እያለ ወደ ቤታችን ይመጣ ጀመር። በዚህ መሐል ደቀ መዝሙርዎ ደስታ ገበያ ላይ ቆሞ፣ «ዙሐልና መሪኅ የሚባሉት ከዋክብት በአንድ ቤት ሲገናኙ አገር ይናወጣል ብለው መሪጌታ ጽፈዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። ከተማው ከቅዳሜ አያልፍም» አለ። መናወጡን በእርግጥ ጽፈዋል። ቅዳሜን የጨመረው እሱ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ፍራሹን ማሰር ያዘ።

ሞሚናን ያስታውሷታል፤ ከአጥራችን ወዲያ ያለችው፣ ሲያስልዎት ማር ይዛ የምትመጣው። የመውለጃ ቀኗ ደርሶ ነበር። ባሏ አብዲ አይሱዙ ተከራይቶ መቻራ፣ እናቷ ዘንድ ሊወስዳት ተነሳ። ያ መንገድ እንኳን ለእርጉዝ ለጤነኛም አይሆንም። «ሆስፒታሉ እዚሁ አጠገብሽ አይደል?» ብላት፣ «ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ አባትሽ ቅዳሜ ካሉ እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ።

ደብተርዎን ከሳጥኑ አወጣሁ። ልጅ ሳለሁ፣ «ኮከብ የዘመኑን ጠባይ ያሳያል። ዙሐል የተጫነው ዘመን ያረጀውን ያፈርሳል፤ መሪኅ የገባበት ሰውን ያስቆጣል። ቀን ግን አትጠይቂው» ይሉኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም። ምክንያቱን እዚያ አገኘሁት።

መንግሥት በተለወጠበት ጊዜ መሰላ ከተማ የሚኖሩት ጓደኛዎ አቶ ታደሰ ቤተሰባቸውን ይዘው ይሽሹ እንደሆነ ጠየቁዎት። እርስዎም ማክሰኞ ማለዳ እንዲወጡ ነገሯቸው። ወጡ። የሁለት ዓመት ልጃቸው አሰቦት ቆላ ላይ ውሃ አጥታ ሞተች። ከሥሩ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ኮከቡ አልዋሸም፤ እኔ ከኮከቡ አልፌ ተናገርኩ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዝም ካልኩ ሞሚና ትሄዳለች። ከተናገርኩ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ የሸሸጉትን ነገር በሰው ፊት ማውጣቴ ነው። እማዬ «ተይው፣ ይረፍበት» አለችኝ። ውጭ አብዲ ፍራሹን ጭኖ መኪናውን ሲያስነሳ ሰማሁ። ደብተሩን ይዤ ወጣሁና ጎረቤት በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደስታ አንገቱን ደፋ። አብዲ ሞተሩን አጠፋ።

ግማሹ ሰፈር ግን ሄደ። እማዬም «ባሌን ከመቃብር አውጥተሽ ገረፍሽው» ብላ አኮረፈችኝ። እስከ ቅዳሜ እህል ከአፌ አልገባም፤ አንድ ግድግዳ ቢወድቅ ሞሚናን ያስቀረኋት እኔ ነኛ!

ቅዳሜ ጸጥ ብሎ አለፈ። ሰኞ ከሁሉም የባሰው መንቀጥቀጥ መጣ። ሞሚና ሆስፒታል ምጥ ላይ ነበረች፤ ነርሶቹ ከነአልጋዋ ወደ ግቢ አወጧት። «ያ ረቢ» እያለች እጄን እንደጨመቀች ወንድ ልጅ ተገላገለች። ደም ብዙ ፈሷት ነበር፤ ተርፋለች።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙ። አቶ ታደሰ ነበሩ፤ ወሬው መሰላ ደርሷል። ገጹን አሳይኝ አሉኝ። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ማለዳ ውጣ ብሎኝ፣ እኔ ዕቃ ስሰበስብ ረፋድ ሆነ። ልጄን የገደላት ያ መዘግየቴ ነው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ...» አሉና አለቀሱ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አብራቸው አለቀሰች። ያን ቀን ነው ያናገረችኝ።

ተቀይሜዎታለሁ፣ አባባ። እሳቸው በራሳቸው ፈርደው፣ እርስዎም በራስዎ ፈርደው፣ ተፋፍራችሁ ተራርቃችሁ ኖራችሁ። አንዲት ቃል ቢነግሯቸው ምን ነበር? ደግሞም ያን ገጽ ባይጽፉት ኖሮ ሞሚናን በምን አስቀራት ነበር? ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ።

መሬቱ ዛሬም አልረጋም። መቼ ይቆማል የሚሉኝን አላውቅም እላቸዋለሁ።

አቶ ታደሰን መቃብርዎ ድረስ ወሰድኳቸው። ስንመለስ የልጅቷን ስም ጠየቅኳቸው፤ ደብተሩ ላይ አልነበረማ። ትርንጎ ትባል ነበር። እርስዎ ያልጻፉትን እኔ ጻፍኩት። በሕይወት እስካለሁ በጸሎቴ ስምዎን ስጠራ የእሷን አስከትላለሁ።

ልጅዎ