ከስዊዘርላንድ የመጣው መልስ

ሰዒዴ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ በኑር ይሙላልህ። እስከ ዛሬ በዱዓ እንጂ በወረቀት አናግሬህ አላውቅም። ዛሬ ግን አፍ አውጥቼ መናገር ያቃተኝ ነገር አለና ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ ቤቱን ልንገርህ። ዌስት አዳምስ ያለውን አፓርታማ አልለቀቅኩም። መኪናህን የምትነዳው ልጃችን ሂክማ ናት፤ ወንበሩን ወደ ፊት ስባ ሬዲዮህን የማላውቀው ጣቢያ ላይ አድርጋዋለች። ከታች የነበሩት ባልና ሚስት ቶራንስ ገቡ። እኔ አሁንም ፌርፋክስ ያለው ሱቅ ውስጥ ነኝ። ደንበኛው ሁሉ በገባ ቁጥር «በርቺ» ይለኛል። ስበረታም ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን አልቻልኩም።

ነገሩ የባቡሩ ጉዞ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ዲያሊሲስ ስትገባ፣ ያንን አራት ሰዓት የምትገፋው በኔ ስልክ ቀዩን ባቡር እያየህ ነበር። ከኩር ተነስቶ የአልፕስን ተራራ እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ በረዶውን አቋርጦ ጣልያን ቲራኖ ድረስ የሚወርደውን። ስልኩን አፍንጫህ ላይ አስጠግተህ ነበር የምታየው፤ ስኳሩ ዓይንህን ጀምሮታል። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደሚቀንስ ሲነግረን መኪና ውስጥ ምን እንዳልከኝ አልረሳውም። «ሃያ ዓመት በኤርፖርቱና በዌስትቼስተር ሆቴሎች መሀል ሰው ሳመላልስ ዓይኔ ከመንገድ ተነስቶ አያውቅም። አንዴ እንኳ ሌላ ሰው ይንዳና እኔ በመስኮት ልይ።»

ከዚያ በኋላ የቤታችን ወሬ እሱ ብቻ ሆነ። ሂክማ ትልቅ ካርታ ፕሪንት አድርጋ አመጣች። አንተ በማጉያ መነጽር እየተከተልክ ዋሻውንና ድልድዩን ትቆጥራለህ። ሰኔ ይሁን አልክ፤ ላዩ በረዶ፣ ታቹ ሣር የሆነበት ጊዜ ነው ብለህ። በየትኛው ጎን እንቀመጥ በሚለው ላይ ከሂክማ ጋር ሁለት ቀን ተኳረፋችሁ፤ መጨረሻ ላይ በስተቀኝ ሆነ። ሐኪሙም እጥበቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ሂድ አለህ። ስለዚህ ኩር ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ጻፍን። ፊደሉ ስለሚደበዝዝብህ ጸሐፊህም አንባቢህም እኔ ነበርኩ።

መልሱ ሰኞ ጠዋት መጣ። አጠገቤ ተቀምጠህ «ምን አሉ?» አልከኝ። ቦታ አለን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይዘንላችኋል፣ የሕክምና ወረቀቱን ላኩ ይላል ኢሜሉ።

«ቦታ የለንም ነው የሚሉት» አልኩህ።

ቀድሜ ያሰብኩት አልነበረም። ከአፌ ወጣ።

«በሌላ ሳምንትስ?»

«በጋውን በሙሉ ሞልቷል ይላሉ።»

ይኼ ሁለተኛው ውሸት አስቤበት የተናገርኩት ነው። መነጽርህን አውልቀህ በሸሚዝህ ጫፍ ጠረግከው። «ኦኬ፣ እንግዲህ» አልክ። ካርታውን አጥፈህ ለሂክማ ሰጠሃት። ከዚያ ወዲያ ስለ ባቡር አንድ ቃል አልወጣህም።

ከዚያ ሳምንት በፊት እጥበት ላይ እያለህ የደም ግፊትህ ወርዶ ራስህን መሳትህን ታውቃለህ። ዓይንህ ሲገለበጥ ያየሁት እኔ ነኝ። ያ ነገር ባቡሩ ላይ፣ በሁለት ዋሻ መሀል፣ ቋንቋቸውን በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ሲደርስ ይታየኝ ነበር። አንተ ደግሞ «ብሞት እዚህም እሞታለሁ እኮ፣ ዘይኑ» እያልክ ልታስቀኝ ትሞክራለህ። እኔን አያስቀኝም። ለሂክማም ለራሴም «ለእሱ ፈርቼ ነው» ብያለሁ። ለአንተ ግን እውነቱን ልናገር። የፈራሁት ለራሴ ነበር። ሁለት ሆነን ሄደን ብቻዬን በአውሮፕላን መመለሱን ነው የፈራሁት።

መልሱ በመጣ በስድስተኛው ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዲያሊሲስ ይዤህ ስመለስ አጠገቤ አረፍክ። ተኝተሃል ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የነዳሁት። ቤት ደርሼ፣ ፓርክ አድርጌ፣ «ሰዒድ፣ ደረስን» አልኩህ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሂክማ «ማሚ፣ አባቢ ያሰበውን መንገድ እኔና አንቺ እንሂድለት» አለችኝና የድሮውን ፕላን ከኢሜሌ ልትፈልግ ስልኬን ወሰደች። በነጋታው ሱቅ መጣች። በርበሬ እየመዘንኩ ነበር፤ ደንበኛ ፊቴ ቆማለች።

«ኮንፈርም አድርገውለት ነበር እኮ» አለች። «ለምን ዋሸሽው?»

«ለእሱ ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«የፈራሽው አንቺ፣ የቀረበት እሱ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ «ሰላም ነኝ» የሚል ቴክስት ብቻ እየላከች ጠፋች።

የምሄድበት ሳጣ ጋሼ ይመር ጋ ሄድኩ። አብረውህ ሹፌር የነበሩ፣ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ የሚወስዱህ ሰው ስለሆኑ አንተን የማገኝህ መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና «ሰዒድ ያውቅ ነበር» አሉኝ።

ካነበብኩልህ በኋላ በነበረው ጁምዓ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስትወጡ፣ ክሊኒኩን ደውለህ ለምንልኝ፣ አንድ ሳምንት እንኳ ይፈልጉልኝ ብለሃቸው ኖሯል። ደወሉ። ሴትዮዋ፣ ቦታው ተይዟል፣ መልሳችሁን እየጠበቅን ነው አለቻቸው። ጋሼ ይመር ስልኩን እንደያዙ ያለችውን ነገሩህ። አንተም «ተዋት፣ ይመር። ፈርታ ነው። ለሌላ ሰው ስጡት በላቸው» አልክ። እንዳይነግሩኝም አስማልካቸው።

ምነው ሰዒዴ፣ ምነው ብትቆጣኝ! ብትጮህብኝ እኮ እሄድ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ሻይህን ከእጄ እየተቀበልክ፣ እያወቅክ ዝም አልከኝ። ይኼ ፍቅር ይሁን ተስፋ መቁረጥ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ጋሼ ይመርንም ጠየቅኳቸው። «እሱን እኔም አላውቅም» አሉ።

ለሂክማ ደውዬ የሰማሁትን ነገርኳት። ያን ቀን ማታውኑ መጣች። እግሬ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ «አውቆ ነው የተወው?» እያለች አለቀሰች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስትሄድ በር ላይ ቆማ «ለሰኔ ቡክ ላደርግ ነው። ትሄጃለሽ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» አለችኝ። እስከ ዓርብ መልስ ትፈልጋለች።

እሄዳለሁ። እኔ ባየው አንተ እንዳየኸው እንደማይሆን አውቃለሁ። ፍርሃቴም አልለቀቀኝም። አምና አብሬህ ይዤው መሄድ የነበረብኝን ፍርሃት፣ ዘግይቼም ቢሆን ይዤው እሄዳለሁ።

ሱቅ የሚመጡ ወዳጆችህ «ምስኪን፣ ያን ባቡር ሳያይ ሞተ» ይላሉ። እስከ ዛሬ ራሴን ነቅንቄ ዝም እል ነበር። ከእንግዲህ እንደዚያ ሲሉ እኔ አስቀረሁበት፣ እሱም አውቆ ዝም አለልኝ እላቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስህ እንደዚህ አድርጌ ነው።

ዘይኑ