ለታክሲሽ የሠራሁት የኋላ መብራት

እትዬ ሾፌር፣

አኩርፈሽም ቢሆን አንብቢው!

ኢንተርኔቱ ተቋርጦ አይደለም፤ የዋይፋዩን አዳፕተር ወስጄው ነው። አስራ ሁለት ቮልት ነዋ፣ ልክ እንደ መኪናሽ ባትሪ! ኤልኢዲዎቹን አንድ በአንድ በመበየጃ ካውያ በይጄ በሱ ስሞክራቸው ወጥ ቤቱ ቀይ በቀይ ሆነ። ብቻዬን ጨፈርኩልሽ።

ካውያው ያረፈበት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ትሪ አታንሺው።
ለምን ብለሽም አትጠይቂኝ።

መብራቱን ታክሲሽ ላይ ገጥሜዋለሁ። ፍሬን ስትይዢ ከመሃል ተነስቶ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ ስታይው ታብጃለሽ! አንድ ነገር ብቻ፦ ከደስታዬ ብዛት ማታ ማታ የሚበራውን ክፍሉን በሞተር ማስነሻው ቁልፍ በኩል ማሳለፉን ረስቼ በቀጥታ ከባትሪው አገናኘሁት። ሞተር ብታጠፊም እሱ እቴ፣ ይበራል። ስትወርጂ ከመቀመጫሽ ስር ያለችውን ማጥፊያ ተጫኛት፤ አለበለዚያ ጠዋት ሁለታችንም መኪና ገፊ ነን። ካውያውን ለጋራዡ ሰውዬ መልሼ ስመጣ አስተካክለዋለሁ።

ያ የጭነት መኪና ሹፌር ከኋላ ገጭቶሽ «አላየኋትም» ሲል፣ እኔ ወንድምሽ ሰው ፊት «እውነቱን እኮ ነው፣ መብራቷ አይሠራም» ማለቴ...

ይኸው፣ ይሠራል።

የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳው አስጠግተሽ ፍሬኑን ርገጪና በመስታወት ወደ ኋላ እዪ። ከእንግዲህ «አላየኋትም» የሚል ካለ፣ እኔው ራሴ «ዋሸህ!» እለዋለሁ፤ ያውም ሰው ፊት።