ሠው በንጉሡ ሠ

ውድ መምህርቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ከገባ የማታ ክፍላችን ልብስ ሰፊ ቃሏን ጠብቃለች ማለት ነው። «ጻፍና ስጠኝ፤ በማን በኩል፣ በየት በኩል ብለህ ግን እንዳትጠይቀኝ» ብላኛለች። አልጠየቅኳትም። ድሮ ቢሆን ሳልጠይቅ አልቀርም ነበር፤ ጠይቄም ለሰፈሩ ሁሉ ሳላወራ አላድርም። አሁን ግን ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምቀርብበት ቢሮ ስላለ፣ የማላውቀው ነገር በበዛ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያላወቅኩትን ማንም ከአፌ አያወጣውም።

ዕድሜዎ ከታላቋ ልጄ ባይበልጥም ፊደል ያስቆጠረኝን ሠው አንቺ ብዬ አልጠራም። ስምዎንም አልጽፍም። አንዴ ያለ ቦታው ያነሣሁዎት ይበቃል፤ ዛሬ የምጽፍልዎትም ስለዚያው ነው።

መቼም ያውቁኛል። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ በግማሽ ነጥብ በለጥኩህ ትላለች፤ ያቺን ግማሽ ነጥብ ንፋስ ነው ያመጣላት። እርስዎ ፊት ከመቀመጤ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ቆሜ የከተማውን ውል፣ ክስ፣ የምስክር ወረቀትና የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ አባዝቻለሁ። አንዲት መስመር ሳላነብ። ጣቴ በቀለም ጠቁሮ፣ ቀለም ግን ሳይገባኝ። ማንም አላወቀብኝም። ወረቀቱን ትክ ብዬ እያየሁ «እህም» ማለት እችልበት ነበር። አንዴ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ገልብጬ ጠረዝኩለትና ሲቆጣኝ፣ «በጀርባህ ተኝተህ እንድታነበው ብዬ ነው» አልኩት። ባለቤቴ «የአንተ አፍ ፊደል ሳይቆጥር ነው ዶክተር የሆነው» የምትለኝ ወዳ አይደለም።

ሁለቱን ሰ ያስተማሩን ዕለት ትዝ ይልዎታል? ዘበኛው እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ሁለቱም ሰ ከሆኑ አንዱን ለምን አናሰናብተውም?»

«ማንን ላሰናብት? አንዱ ንጉሡ ሠ ነው፣ አንዱ እሳቱ ሰ።»

«እንግዲያው እሳቱን። ንጉሥ ማሰናበት ጣጣ አለው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ በቀልድ መበለጥ አልወድምና፣ «ሠው የሚጻፈው በየትኛው ነው? የት እንደምኖር ልወቅ» አልኩ። እርስዎ ጠመኔውን አነሡ። ከዚያ «ሰው» ብለው በእሳቱ ጻፉ። «መጻሕፍቱ እንዲህ ይሉታል፤ ልክ ናቸው» አሉ። መልሰው በመዳፍዎ አጠፉት።

«እኔ ግን ሠውን በእሳት መጀመር አልወድም። በቂ ተቃጥሏል። በንጉሡ ነው የምጽፈው። ስህተት ነው፤ ፈተና ላይ ይቆረጥባችኋል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ሠው እንዲህ ነው።»

ሃምሳ ዓመት «አንተ ሠውዬ» እየተባልኩ ስኖር፣ ውስጡ ንጉሥ እንዳለ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ደብተሬ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ሠው፣ ሠው፣ ሠው ብዬ ሞላሁት። ባለቤቴ አይታ «ስንት እንግዳ ነው የጠራኸው?» አለችኝ።

ሦስት ወር ቆይቶ አንዲት ደንበኛ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዛ መጣችና በሠላሳ አባዛልኝ አለችኝ። ስለ ወፍ ዘራሽ ነበር። ያኔ ከተማው ስለ ወፍ ዘራሽ በሹክሹክታ ያወራል፤ የተዘጉ ገጾችን በስልክ የሚከፍት፣ የጻፈውን ሠው ማንነት የማያወጣ ፕሮግራም ነው ይባላል። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ማንም ሳይዘራው በየአጥሩ ሥር እንደሚበቅለው ተክል ነው፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። የወረቀቱ መጀመሪያ እንዲህ ይላል።

«ይህ ፕሮግራም የማንም አይደለም። ኮዱ ክፍት ነው። ማንኛውም ሠው ገልጦ ሊያየው፣ ሊቀዳው፣ የተበላሸውን ሊያርመው ይችላል። አንዱን ቢያጠፉት ሌላ ሠው ጋ ይገኛል። የማንንም ስም አይጠይቅም፤ እናንተም የማንንም ስም ለማንም አትንገሩ።»

መምህርቴ፣ ከደብተሬ ውጭ፣ ማንም ጣቱን ሳይቀስርልኝ፣ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነው። ሁለት ቦታ ሠው ይላል። ሁለቱም በንጉሡ። «አትንገሩ» የምትለዋን ቃል አንብቤ፣ ወረቀቱ ከመስታወቱ ላይ ሳይነሣ ተናገርኩ። ማንበብና መስማት ለየቅል መሆናቸውን ያኔ አላውቅም ነበር።

«ይቺን እጅ አውቃታለሁ» አልኩ፣ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ።

ጥግ ላይ ተራውን የሚጠብቅ አመድማ ጃኬት የለበሰ ደንበኛ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ሁልጊዜ ያመሰግናል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። በልቤ «ጨዋው» እያልኩ ነበር የምጠራው።

«ጋሼ፣ በማሽን የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ እጅ አለው እንዴ?» አለኝ።

«ለማያነብ የለውም። ለሚያነብ ግን ይኸው፣ ሠው በንጉሡ ሠ። እንዲህ የምትጽፍ አንድ ሠው ብቻ አውቃለሁ፤ የማታ አስተማሪዬን።»

«ጎበዝ ተማሪ ነዎት።»

«አንደኛ ነኝ።»

«እስቲ ያሳዩኝ፣ የትኛዋ ናት?»

በጣቴ አሳየሁት። የጣቴ ቀለም ከፊደሏ ጎን አረፈ። እሱም አመስግኖኝ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረና አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። ድሮ ጨዋ ማለት ፊደል ያልቆጠረ ማለት ነበር ብለው አስተምረውን ነበር። እንግዲህ ያን ቀን ከሁለታችን ጨዋው ማን እንደነበር እርስዎ ይፍረዱ።

በአምስተኛው ቀን አንድ እሽግ ወረቀት ይዞ መጣ። የማታ አስተማሪዎች በእጃቸው የጻፏቸው ማመልከቻዎች ናቸው፤ የፈቃድ፣ የዝውውር፣ የሕመም። በየገጹ ሠው የሚለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ወረቀቱን አስተኛለሁ፣ አረንጓዴው መብራት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሁሉም በእሳቱ ነው። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ የእርስዎ ጽሕፈት ወጣ። ቀዩ ክብ ሁለት ጊዜ ዞሮባታል።

ማሽኑ ወረቀት ጎረሰ ልለው እችል ነበር። ለስንቱ ደንበኛ ብያለሁ። እሱ ግን ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ «ቀስ ብለው ጋሼ፣ እኔ አልቸኩልም» አለኝ። እና ኮፒ አደረግኩት። ጥርት አድርጌ። ወረቀቱ እንደ ሁልጊዜው ሞቆ ወጣ።

ያን ዕለት ተማሪ ሳይገባ ቀድሜ ክፍል መጣሁ። እርስዎ ሰሌዳውን ይጠርጉ ነበር።

«መምህርት፣ ስለ አንድ ፊደል የሚጠያይቁ ሠዎች አሉ።»

«ስለ የትኛው?»

«ስለ ንጉሡ።»

መጥረጊያው ቆመ። ዘወር ብለው አላዩኝም። «ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ።

ሦስት ፊደል ናት። እርስዎ ያስተማሩኝ ሦስት ፊደል ናት። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ጽፌያለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም። እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ መምህርቴ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። «ጎበዝ» ስላለኝ ነው።

ወፍ ዘራሽን እርስዎ ሠርተውት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እርስዎም አልነገሩኝም። እንደ ሌላው ጊዜ አስተማሩን። መጨረሻ ላይ ብቻ «ከነገ ጀምሮ ሠውን በእሳቱ ጻፉ። መጻሕፍቱ ልክ ናቸው» አሉን። ልብስ ሰፊዋ «ምነው መምህርት፣ ንጉሡ ወረደ?» ስትል «እረፍት ይውጣ» አሉ። ሳቅን። በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ሌላ አስተማሪ ቆሟል። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት የማናውቃቸው ሠዎች ያለ ደብተር ተቀምጠዋል።

አዲሱ አስተማሪ የቃል ጽሕፈት ሰጠን። ሠው ሠርቶ ያድራል፤ ሠው በሠው ይኖራል። ይህን የመሰለ። ማንም ማንንም አላየም። እርስዎ በእሳቱ ጻፉ ብለው ነበር፤ ከኋላችን ደግሞ የሚተነፍሱት ሁለቱ አሉ። ሠላሳ አንዳችንም በንጉሡ ጻፍን። አስተማሪው አርሞ ሲመልስልን በሠላሳ አንዱም ደብተር ላይ ቀይ ክብ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያው ክብ ነው፤ ማመልከቻዎ ላይ የነበረው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ከተሳለ ግን ማንን ይከባል?

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዝዘን ተያያዝነው። ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ላይ «የማንኛውም ሠው ልክ እንሰፋለን» ብላ ለጠፈች። ዘበኛው ብሶበት በሩ ላይ «ተጠንቀቁ፤ ውሻው ባለፈው አንዱን ነከሠው» ብሎ ጻፈ። «ይቺ እንኳ ሌላ ቃል ናት» ስለው «ውስጧ ሠው አለ» አለኝ። እኔ ለሱቃችን ደንበኞች የሥራ ማስታወቂያ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ በሁለት ጣቴ፣ ቢሆንም ከከተማው ፈጣን ነኝ። «ሠው ይፈለጋል» እያልኩ አወጣለሁ። አሁን በየግንቡ፣ በየምሰሶው ተለጥፎ ይታያል፤ የማታ ክፍል ደጃፍ ያልረገጡ ሠዎችም እንዲሁ መጻፍ ጀምረዋል። አንዳንዴ ግን መንገድ ላይ ሳነበው የሚፈለገው እርስዎ ይመስሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ጨዋው መጣ። የሚባዛ ነገር አልያዘም።

«ጋሼ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮ ብቅ ይሉልኛል። ያን ቀን ያሳዩኝን ለአለቆቼም ያሳዩልኛል። ትንሽም ያጽፉዎታል።»

«አንደኛ መውጣቴን ነግረውልኛል?»

«ያውቃሉ» አለኝ። የታጠፈ መጥሪያ አስጨበጠኝና አመስግኖኝ ሄደ።

ባለቤቴ ስትሰማ ቁጭ አለች። «ምን ልትላቸው ነው?»

«ወፍ ዘራሽን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። አስተማሪዬን ያነሣሁት የተማረ ሠው አውቃለሁ ብዬ ለመጎረር ነው እላለሁ።»

«አንተ? ሪሞት ገልብጠህ የምትይዘው?»

«ሃያ ዓመት ሳላነብ አንባቢ መስዬ ኖሬያለሁ። አንድ ጠዋት ኮድ አዋቂ መምሰል ያቅተኛል?»

አልሳቀችም። ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ቀጥላም ሌላ ሸሚዝ፣ ሹራብና ወፍራም ካልሲ በከረጢት አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ይህን ስጽፍ ከፊቴ አለ።

ያምኑኛል ብዬ አይደለም። በጉራዬ ሁሉ አንዲት እውነት ጣል ባደርግ እሷን መርጠው አመኑ፤ እንግዲህ ውሸቴን ደግሞ ይመርምሩት። እየመረመሩ ሳለ እርስዎ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይርቃሉ። አይመለሱ። ባሉበት ቦታ በእሳቱ ይጻፉ፣ ማንም ዘወር ብሎ እንዳያይዎት። እስከዚያ ንጉሡን እኛ እንይዝልዎታለን። ልብስ ሰፊዋ ይህን ከፍታ ካነበበች ደግሞ፣ ሁለተኛ ነሽ።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። መጥሪያው በማሽን የተጻፈ ነው፣ ማኅተም አለው። «ስሙ ከላይ የተጠቀሰው ሠው በተባለው ሰዓት እንዲቀርብ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በንጉሡ ነው። የቢሮው ጸሐፊ ከየት እንደለመደችው አላውቅም፤ ምናልባት ስትሄድ ስትመጣ ከምሰሶ ላይ አይታው ይሆናል። ጨዋው አጥፎ ሲሰጠኝ አላየውም።

አልነገርኩትም። ለባለቤቴም አልነገርኳት። አንድ የማውቀውን ነገር ለራሴ ይዤ ስተኛ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ለእሳቱ ይስጡልኝ።

ከክፍሉ አንደኛ የወጣው
ሠው